የነቀልካት ገመድ

መሐል ሜዳ
የካቲት 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አንዷለም፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁና አትቀየመኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብርዱ ይዞታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። አጥሩም ቆሟል፣ ውሻውም አለ። ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ከፍተው ለሚያነቡት የማረሚያ ቤቱ ሰውም ጤና ይስጥልኝ፤ ረጅም ነውና ወንበር ይሳቡ።

ባለፈው «ለፋሲካ ስፈታ በዚያው ወደ ሑመራ እሄዳለሁ፣ መንዝን ሁለተኛ አላያትም፣ አትጠብቁኝ» ብለህ ጻፍክ። ለእማዬ አላነበብኩላትም። ተናድጄብሃለሁ፣ አንዷለም። ሽማግሌ ስንለምን፣ ደጅ ስንጠና ጫማችን ያለቀው አንተ ሑመራ ገብተህ ሰሊጥ እንድታጭድ አይደለም። የኪዳነ ምሕረት ዕለት የሆነውን አንብበህ ሳትጨርስ ምንም እንዳትወስን።

የምታውቀውን ትንሽ ልድገምልህ፣ የማታውቀው ከዚያ ነውና የሚጀምረው። በሞላሌ መንገድ በአንተ መኪና ተገጭቶ የሞተውን የወዳጆን ነገር ፍርድ ቤቱ «በቸልተኝነት» ቢለውም ለቤተሰቡ ቸልተኝነት ሆኖ አያውቅም። ከዚያ በፊት በነበረው ገበያ ሁለታችሁ ተጣልታችሁ ሰው ነው የገላገላችሁ። በዚያ ላይ ከመግጨትህ በፊት ሞተሩ ሲጮህ መንገደኛ ሁሉ ሰምቷል። «አይቶት ነው የረገጠው» አሉ። ታላቅ ወንድሙ ምንይሉ ለቅሶው ላይ ጠመንጃውን ይዞ «የሚፈታበትን ቀን እጠብቃለሁ» እንዳለ አንተም ሰምተሃል። ሑመራን የመረጥከውም ለዚህ እንደሆነ አይጠፋኝም።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘው ነበር። አንዱን የሟች ወገኖች ቀሩ። ሁለተኛውን እኛ አፈረስነው፤ የእርቁን መስቀል የሚይዙት መምሬ አፈወርቅ ወድቀው ወገባቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የወዳጆ ዘመዶች የመጨረሻ ቃላቸውን ላኩ፦ ከጓሳ ማዶ ባለችው ኪዳነ ምሕረት ደጅ፣ በበዓሏ ቀን፣ ቅዳሴ ሳይወጣ መስቀሉ ከደረሰ ይታረቃሉ፤ ካልደረሰ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳንልክ። ይኸው ነው። ያን ቀን ከዘገየን አንተ ከእስር ቤት በር እስከ መቃብር ያለህ መንገድ አጭር ነበር።

ንጋት ላይ የተከራየነው ሚኒባስ ቀረ። መምሬን ከወደቁ ወዲህ ወገባቸው በቅሎ ላይ አያስቀምጣቸውም፣ በእግራቸውማ ከደጃቸውም አይርቁ። ሽማግሌው ጋሼ አባይነህ ዱላቸውን መሬት ላይ እየወጉ ዞሩ፣ ዞሩና ዓይናቸው የባሕር ዛፉ ሥር ያለችው መኪናህ ላይ አረፈ። ወዲያው ፊታቸውን መለሱ።

«እሷን አላልኩም» አሉ።

«እኔ ብያለሁ» አልኳቸው።

«አብደሻል ልጄ? የገደለችውን መኪና ይዘን ሟቹ ደጅ?»

«ደጁ አንደርስም። ከታች መታጠፊያው ጋ እናቆማትና መምሬን ደግፈን እንወጣለን። ማንም አያያትም።»

ሌላ መላ ስለሌለ ተሳፈሩ። መምሬ ከፊት አጠገቤ፣ ጋሼ ከኋላ። መምሬ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የመኪናዋን በር በሌላኛው እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

እስር ልትገባ በዋዜማው ኮፈኗን ከፍተህ ስትጎረጉር በመስኮት አይቼሃለሁ። ምን እንደሠራህ አልጠየቅኩህም፣ አንተም አልነገርከኝም። «ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሻት፣ ከግቢ እንዳታወጫት» ብቻ አልከኝ። እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። ግቢ ውስጥ ደግሞ መኪና ሁሉ ደህና ነው። ሜዳውንም ደህና ሄደችልኝ። ወደ ጓሳ የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር ግን ከዳችኝ። ነዳጅ መስጫውን ብረግጠው ታጉረመርማለች እንጂ አውቶማቲክ ማርሿ በራሱ አይወርድም፣ ጉልበት የላትም። ዘንጉን በእጄ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ሳወርደው ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ትንሽ ብጨክን የማርሹ ካምቢዮ እዚያው እንደሚቀልጥ ገባኝና የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ አቆምኳት።

«ነግሬሽ ነበር!» አሉ ጋሼ አባይነህ ገና ሳይወርዱ። ከዚያ ፀሐይዋን አዩ። «በይ፣ እኔ በአቋራጩ ልቅደምና ‹መጡ፣ መጡ› እያልኩ ልያዛቸው። አንቺ መምሬን ከፈለግሽ አዝለሽ አድርሻቸው።» በጓሳው ሣር ውስጥ ገብተው፣ ነጭ ጋቢያቸው ብቻ እየታየ ሄዱ።

ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ በዚያ ዋዜማ ምን እንደሠራህ አወቅኩ። ከነዳጅ መስጫው ጋር አብራ እየተሳበች ወደ ካምቢዮው የምትወርደዋ ቀጭን ገመድ ከካርቡራተሩ ላይ ተነቅላለች፤ ጫፏ በሽቦ ተጠፍሮ ከጎን ታስሯል። ነዳጅ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ካምቢዮውን «ማርሽ አውርድ፣ ጉልበት ስጥ» የምትለው እሷ ናት። ያን ቀን በሞላሌ መንገድ ሞተሩን ያስጮኸችውም እሷው። ሁለተኛ እንዳትጮህ ነቅለህ አሰርካት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩብህ። ጸጸትህን ለሰው ማሳየት ሲገባህ ለመኪና አሳይተህ እስር ቤት ገባህ!

ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ ገመዷን መልሼ ሰካኋት። መሰካቱ አይደለም ችግሩ፣ ማስተካከሉ ነው። ታስታውሳለህ? አንተ ሞተሩ ላይ ተደፍተህ፣ እኔ መሪው ሥር እግሬ አልደርስ ብሎኝ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ «ርገጪ ሰርኬ! እስከ ወለሉ! እንዳትለቂው!» ስትለኝ። በኋላ ጠርተህ አሳየኸኝ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሳለ፣ ገመዷ ላይ የተጨመቀችው ትንሽ ቀለበት ከጎማ ሽፋኑ ብቅ ብላ ልክ ከንፈሩ ላይ መቆም አለባት። ከሽፋኑ ውስጥ ከቀረች ላልታለች፤ ርቃ ከወጣች ጠብቃለች። ገመዷን ቆልፈው በሚይዙት ሁለት ዳዶዎች ወዲህ ወዲያ እያሉ እዚያ ላይ ማቆም ነው። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ያያል። እኔም ያለኝ ሰው መምሬ አፈወርቅ ብቻ ናቸው።

መሪው ሥር አስቀመጥኳቸውና እግራቸውን ነዳጅ መስጫው ላይ አደረግኩላቸው። «ይርገጡት መምሬ፣ እስከ ወለሉ።»

«ረግጫለሁ እኮ፣ ልጄ!»

አመንኳቸው። ቀለበቷን ከንፈሩ ላይ አቁሜ ዳዶዎቹን አጠበቅኩ። ተነስቼ ስሞክራት ነዳጅ መስጫው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገትሮ ቆመ፣ አልወርድም አለ። ገመዷ ተወጥራለች፤ በግድ ብረግጠው ትበጠሳለች፣ መለዋወጫዋ ደግሞ በመንዝ ምድር የለም። ለካ መምሬ የረገጡት ግማሹን ነው። እንቁላል ላይ እንደቆሙ ሁሉ ሳሳ አድርገው! «መኪናዋ እንዳትነሳብኝ ፈርቼ ነው፤ ሰው የገደለች ነገር አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። የተሰበረው ወገባቸውም ከዚያ በላይ አይገፋም። ዳዶዎቹን መልሼ ፈታሁ።

ከታች የበቅሎ ኮቴ የሰማሁት ይህን ጊዜ ነው። ቀና ብል የወዳጆ እናት እማማ ጠጄ በበቅሎ ተቀምጠው፣ ምንይሉ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ልጓሙን እየሳበ ይመጣሉ። ለካ በዋዜማው መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት አድረዋል። ማንም እንዳያያት ያልኳት መኪና መንገዱ መሐል ላይ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች።

ደንቡን ታውቃለህ። ደም ያለባቸው ሰዎች መስቀል ሳይሳለሙ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ቃልም አይለዋወጡም። ፊቴን መልሼ ኮፈኑ ሥር ገባሁ።

«ያቺ ናት?» አሉ እማማ ጠጄ።

«ናት» አለ ምንይሉ።

በቅሎዋ ትተነፍሳለች።

«መምሬ፣» አለ ምንይሉ፣ «ወንድሜን በበላች መኪና ነው እርቅ የሚያመጡልን?»

«ሌላ ጠፍቶ ነው ልጄ። ወገቤን ታውቀው የለ።»

«እንግዲያው ይመለሱ። እኛም እንመለሳለን። አለቀ።»

«ማነው የሚመለስ?» አሉ እማማ ጠጄ። «እኔ አልመለስም። ይኼን ነገር ታቅፌ ሌላ ክረምት አልወጣም። መስቀሉ ካልደረሰ እነዚያ ደብሩ ላይ የሚጠብቁት ጎረምሶቻችን ይበተናሉ፣ አንተም ጠመንጃህን ስትወለውል ትከርማለህ። ከዚያ ደግሞ አንተን ልጠይቅ እስር ቤት እመላለስ? የጎደላቸውን ነገር ሙላላቸው። እኔ እቀድማለሁ።» በቅሎዋን ነክተው አለፉ። በአጠገቤ ሲያልፉ የነጠላቸውን ጫፍ ብቻ አየሁ።

የምንይሉ ጫማ ድምፅ መኪናዋን ሲዞር እሰማለሁ። ከኋላ ቆመ። ተመልሶ ሄደ። አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ መኪናዋ ትንሽ ነቃነቅ አለች። ለካ ጎማው ሥር ያደረግኩት ድንጋይ የማይረባ ነበር፤ ትልቅ ድንጋይ ፈልጎ አምጥቶ ደግፎልኛል። መምሬን ደግፎ አወረዳቸው። የሾፌሩ በር ተዘጋ። አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ የወዳጆ ወንድም ተቀመጠ።

በመሐላችን የቆመው ኮፈኑ ብቻ ነው፤ እንደ መጋረጃ። እሱ እኔን አያይም፣ እኔም እሱን አላይም። መምሬ ከጎን ቆመው ቃል ያቀብላሉ።

«መምሬ፣ እስከ ወለሉ ይርገጠው በሉልኝ።»

«እስከ ወለሉ አለች።»

ረገጠው። ያለ ማመንታት፣ በሙሉ ክብደቱ። ገመዷ ከሽፋኗ ተመዘዘች፣ ቀለበቷም ወጣች፤ ርቃ። በአንድ እጄ ገመዷን ይዤ በሌላው ዳዶውን ማዞር ጀመርኩ። ጣቶቼ የሞተሩ ማራገቢያ ክንፍ አጠገብ ናቸው። ያን ጊዜ ነው የመኪናዋ ቁልፍ መሪው ላይ እንደተሰካ ትዝ ያለኝ። አንዴ ቢያዞረው ጣቶቼ የሉም። ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ ማንም አይለይም። እንደ አንተ ማለት ነው፤ ሰው የሚያየው የሆነውን ነው፣ ልብን ማን ያያል? እጄን ላወጣ አሰብኩ። ካወጣሁት ደግሞ መፍራቴን ያውቃል፤ ከዚያ የምን እርቅ። አላወጣሁም።

«መምሬ፣» አለ ከውስጥ፣ «አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ያን ቀን ሞተሩ የጮኸው በዚህች ገመድ ነው?»

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ለመነኝ። ምን እንድል እንደፈለጉ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። «ራሷ ጮኸች፣ ብልሽት ነበረባት» ብል ማን ያውቅብኛል? እሱ መካኒክ አይደለም። አንድ ቃል ብቻ ነበረች፣ ጠመንጃውን የምታስጥል።

«አዎ በሉት፣» አልኩ። «ነዳጁ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ይህች ገመድ ማርሹን ታወርዳለች፣ ሞተሩ ይጮሃል። የሚረግጣት ግን ሰው ነው፤ ራሷ አትጮህም። የቸኮለም ቢረግጣት፣ የጨከነም ቢረግጣት ድምፁ አንድ ነው። ‹የጭነት መኪና ልቀድም ብዬ ነው የረገጥኩት፣ ወዳጆ ከአህያው ጀርባ ስለነበር አላየሁትም› ብሏል። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ወንድሜን አምነዋለሁ፣ ግን አልማልለትም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ እስር ከመግባቱ በፊት ገመዷን በገዛ እጁ ነቅሎ አስሯታል። ዛሬ ነው ያየሁት።»

መምሬ ቃል በቃል አቀበሉለት። እግሩ አልላላም፤ ገመዷ እንደተወጠረች ናት። ከዚያ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አምላኬን ነው የጠራሁት፣ አንተንም ረግሜሃለሁ።

የመምሬ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። መዳፌን ከፍተው የመኪናዋን ቁልፍ አስቀመጡበት።

«ያዢው ብሎሻል፣» አሉ። «እጅሽ ሞተር ውስጥ እያለ ቁልፍ እዚህ አይቀመጥም ብሏል።»

ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። እንባዬ ሞተሩ ላይ እየወረደ ቀለበቷን ከንፈሩ ላይ አቆምኳት። ይልቀቅ፣ ደግሞ ይርገጥ አልኩ፤ ለቀቀ፣ ረገጠ። ቀለበቷ ሄዳ ሄዳ እዚያው ቦታዋ ላይ መጥታ ቆመች። ሁለቱን ዳዶዎች አጠበቅኩ። «ጨርሻለሁ በሉት።» በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ጫማው ዳገቱን ይዞ ሄደ። ኮፈኑን የዘጋሁት ድምፁ ሲርቅ ነው።

መምሬን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ምንይሉ ደግፎልኝ የነበረውን ድንጋይ ደግሞ፣ ላዩ ላይ ሽበት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሌላ ዳገት ላይ ብንቆም ብዬ ከኋላ ጫንኩት። ግን ቶሎ አልተነሳሁም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ቅዳሴው ሊወጣ ነው!» አሉ መምሬ።

«እማማ ጠጄ ዳገቱን ይጨርሱ። ይህ ድምፅ አጠገባቸው አይጮህም።»

«ብንዘገይስ?»

«እንዘግያለን።»

ፈርቼ ነው የጠበቅኩት፤ ድፍረት እንዳይመስልህ። ጓሳው ጫፍ ላይ በቅሎዋ ከሰማይ ጋር ታየች፣ ምንይሉ ደረሰባት፣ ሁለቱም ጠፉ። ያኔ እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ማርሹ ወረደ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ከኋላ ሰው የገፋት ይመስል ተስፈነጠረች። ያን ድምፅ በእግሬ ሥር ስሰማው አንተ ያን ቀን የሰማኸውን ሰማሁ። ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐሳብ ለመለወጥ ጊዜ የለውም።

መታጠፊያው ጋ አቁመን ስንወጣ ቅዳሴው ወጥቶ ሰው ከደጀ ሰላሙ ይፈስሳል። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው ተነስተዋል። ጋሼ አባይነህ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘግተዋል፣ ድምፃቸው ከመለመን ብዛት ጠፍቷል። «ቀጠሮ አፍርሳችኋል!» አለ አንዱ።

«አላፈረሱም፣» አለ ምንይሉ ከኋላቸው። «ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ።»

በደንቡ የበዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል። አንተ ስለሌለህ የአንተን እኔ ተሸከምኩ፤ ያንኑ ከመኪናዋ ያወጣሁትን። አንገቴ ላይ አድርጌ እማማ ጠጄ እግር ሥር ተንበረከክኩ። መምሬ መስቀሉን አሳለሙን፤ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ምንይሉን፣ ከዚያ እኔን። ቀና በሉ፣ ተያዩ ተባልን። እማማ ጠጄ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ድምፁን ሰማሁት፣» አሉኝ። «እስካልፍ መጠበቅሽንም አውቄያለሁ።» ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ፣ የደብሩ ሴቶችም አብረዋቸው አለቀሱ።

ምንይሉ ግን ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ነው። አወቀው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ከአንገቴ አነሳውና ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ተናገረ። «ይኼን እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «የእሷን ይቅር ብያለሁ። ይኼ ድንጋይ ግን የእሷ አይደለም። ባለቤቱ መጥቶ እዚህ ይሸከመው። ለምን እንደረገጠ ከራሱ አፍ እሰማለሁ። እህቱ አልዋሸችኝም፣ እሱም አይዋሽም ብዬ እጠብቃለሁ። ያኔ ከአንገቱ የማወርድለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይነካውም። እስከዚያ ጠመንጃዬ መምሬ ቤት ይደር።» ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ለመምሬ አስረከበ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሑመራ ብትሄድ ማንም አያሳድድህም። ምንይሉ ግን ዕድሜ ልኩን «አይቶት ነው የረገጠው» እንዳለ ይኖራል፣ አንተም ያቺን ገመድ ዕድሜ ልክህን ስትነቅል ትኖራለህ። እውነቱን የማውቀው አይመስለኝም፤ ምናልባት አንተም ጠርቶ አይታይህም። የሚታይህን ያህል ንገረው። እኔ ከዚህ በላይ ልቆምልህ አልችልም፣ ወንድሜ። ናፍቀኸኛል፤ ይህንንም ልጽፈው አፍሬ ነበር።

ለፋሲካ የማረሚያ ቤቱ በር ላይ መኪናዋን ይዤ እቆማለሁ። ገመዷ እንደተስተካከለች ናት፣ እንዳትነካት። እስከ ዳገቱ ሥር እኔ እነዳለሁ፤ ዳገቱን አንተ ትረግጣለህ፣ እኔ አጠገብህ ነኝ። ድንጋዩ ከኋላ ተጭኗል። አንዴ ተሸክሜልሃለሁ፤ ሁለተኛ አልሸከምልህም። ና።

እህትህ፣
ሰርካለም